ላንድሮቨሯ የበላችው ማር

ቦንጋ፣ እሑድ ግንቦት 10 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለምወድህ፣ ዛሬ ግን በአጠገቤ ብትሆን ጆሮህን ለምቆነጥጥህ ታናሽ ወንድሜ፣

ከሰላምታ ልጀምር፤ እናታችን ያለ ሰላምታ ነገር የሚጀምር ሰው ከብት ነው ትል ነበርና። እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ፣ መኪና ሥር ተጋድመህ ያመጣኸው የወገብህ ነገርስ እንዴት ሆነ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጃችን ብርቅዬም ከአዋሳ ጽፋልናለች፤ ፈተናዋን ጨርሳለች፤ አጎቴን ሳሙልኝ ብላለች። እኔ መልእክቷን አደረስኩ እንጂ ዛሬ አንተን የምስምበት ከንፈር የለኝም። ከቤታችን ሁሉ በጣም ደህና የሆነችው ላንድሮቨሯ ናት። እሷማ ምን ጎድሎባት! አዲስ መብራት፣ አዲስ መስታወት፣ አዲስ መሪ። እኔ በሦስት ዓመት አንድ ቀሚስ አልገዛሁም።

ስልክ ቤት ሄጄ ልጮህብህ አስቤ ነበር። ግን የቦንጋን ስልክ ቤት ታውቀዋለህ፤ ውስጥ ያለው ሰው ሲያስነጥስ ውጭ የተሰለፈው ይማርህ ይላል። የቤቴን ገበና ለሰልፈኛ ከማሰማ ብዬ ወረቀት አነሳሁ። ደብዳቤውን በአውቶቡስ ሾፌሩ እጅ እልከዋለሁ፤ አልደረሰኝም የሚል ሰበብ አልቀበልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት የባሌን የሣህሌን ሱሪ ላጥብ ብዬ ኪሱን ስፈትሽ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ስዘረጋው ያንተ የእጅ ጽሑፍ ነው። ፊደል ያስቆጠርኩህ እኔ ነኝና ያንን ዶሮ የጫረው የሚመስል ጽሑፍህን የትም ባየው አይጠፋኝም። የጋራዥህ ሒሳብ ነው፤ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ለላንድሮቨሯ የተሠራው ሁሉ ተዘርዝሮ፣ ከታች ተደምሮ፣ ተከፍሏል ተብሎ ተፈርሞበታል። ሰባት ሺህ አራት መቶ ስልሳ ብር! ሁለት ጊዜ ደመርኩት። ስህተት ቢሆን ብዬ እትዬ በዛወርቅንም አስደመርኳት፤ ጎረቤቴ ብትሆንም ሱቅ ያላት ሰው ናት፣ ድምር አይስታትም። ያው ነው። አሁን ባለው ዋጋ ሰባት መቶ አርባ ስድስት ኪሎ ማር ማለት ነው። አንድ አሮጌ ላንድሮቨር በስድስት ወር ሰባት መቶ አርባ ስድስት ኪሎ ማር በላች። ድብ እንኳን ይህን ያህል አይበላም።

ይህ ብር ምን እንደነበር ታውቃለህ። ታውቃለህ እንጂ! እቁብ ሲደርሰኝ እልል ብዬ የጻፍኩት ላንተ ነው። የመሠረት ብር ነው። ማዘጋጃ ቤት የሰጠን ቦታ እስከ ሰኔ ሠላሳ ድረስ መሠረቱ ካልወጣ ይነጠቃል፤ ማስጠንቀቂያው ማኅተም ተመትቶበት መጥቶልኛል፣ ግድግዳዬ ላይ በሚስማር ሰክቼዋለሁ። ዛሬ ስቆጥር ሃምሳ ቀን ቀርቶታል። ሃያ አምስት ዓመት የሰው ቤት ኪራይ ከፍዬ፣ የራሴን በር ቁልፍ ልይዝ ስል፣ ብሩ ለመኪና ሆነ። የመብራቱንና የመስታወቱን እኔው ራሴ ቆጥሬ ሰጥቼዋለሁ፤ እሱን አልክድም። የመሪውን ግን ከሳጥኑ ሲወስድ ድንጋይና አሸዋ ላዝዝ ነው ብሎኝ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ዋሽቶኝ የማያውቅ ሰው ለመኪና ሲል ዋሸኝ። አንተ ደግሞ ተቀበልከው! የእህቴ መሠረት ነው አላልክም።

አውቃለሁ፣ ይወዳታል። ቡና ተክል ሾፌር ሳለ እሷን ሲነዳ ነው የተዋወቅነው። መንግሥት ሲለወጥ በጨረታ ስትወጣ ያለ የሌለውን ጥሎ ገዛት። አሮጌ ናት ብዬ አልንቃትም፤ እንጀራችን እሷ ናት። በየሳምንቱ ረቡዕ ደካ ገበያ እንሄዳለን። እሱ ይነዳል፣ ማሩን አይቶ ይመርጣል፤ እኔ እመዝናለሁ፣ እከራከራለሁ፣ ቦንጋ አምጥቼ እሸጣለሁ። ግን አሮጌ መኪናን መጠገን ሌላ፣ ሙሽራ ማድረግ ሌላ! ነጋዴው ሚፍታህ በበዓል በዓሉ እየመጣ ሃያ ሁለት ሺህ ብር ልስጣችሁና ልውሰዳት ይላል። በሃያ ሁለት ሺህ ብር መሠረቱ ወጥቶ፣ ግድግዳው ቆሞ፣ ቆርቆሮው ይመታ ነበር። ሣህሌ ግን እሷን ሸጬ አንቺ ማሩን በምን ልታመጪ ነው ይላል። በሰው መኪና አመጣለሁ ብለው፣ የሰው መኪና የሰው ነው ብሎ ይነሳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለው ነገር ነው።

እስቲ ሒሳብህን ይዘን እንነጋገር። ባለፈው ኅዳር ከደካ ስንመለስ መሸት ሲልብን ሣህሌ መብራቱ ደከመ አለኝ። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ መንገዱ ጥርት ብሎ ይታየኛል፤ ግን እኔ ስለ መኪና ምን አውቃለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ጅማ አንተ ጋራዥ መጥቶ አስለወጠ፣ አራት መቶ ሃያ ብር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አዲሱም ደከመ። እንደገና ከነፓውዛው አምስት መቶ ስልሳ ብር። አሁን ላንድሮቨሯ ስትገባ ሰፈሩ ሁሉ ፊቱን ይሸፍናል፤ አንድ ማታ እትዬ በዛወርቅ ሠርግ መጣ እንዴ ብላ ነጠላዋን ለብሳ ወጥታለች። ሣህሌ ግን አሁንም አይረባም ይላል። ምን ዓይነት ዕቃ ነው የምትሸጠው? ለባዳ የምትሸጠውን ነው ወይስ ለእኛ የተለየ አለህ?

ጥር ላይ ደግሞ የፊት መስታወቱን ጭጋግ ያዘው አለ። በሎሚና በጋዜጣ ወልውዬ ምንም የለበትም አልኩት፤ አለበት አለ። ተጨቃጨቅን። ሰባት መቶ ሰማንያ ብር። አዲሱ ገብቶ ሳምንት ሳይቆይ በመዳፉ ከውስጥ ሲጠርገው አየሁት። እኔስ አንተን ረገምኩ፤ ጭጋግ ያለበት መስታወት ሸጠህልን እንደሆነ ብዬ።

መጋቢት ላይ ላንድሮቨሯን ይዞ ለአንድ ቀን ብሎ ጅማ መጣ፤ አምስት ቀን ቆየ። መለዋወጫ እየፈለግን ነው ብለህ በሰው ላክህብኝ። ሲመለስ ስለ መብራትና ስለ መስታወት አንዲት ቃል አላነሳም። ተገላገልኩ ብዬ ስለት ላስገባ ምንም አልቀረኝም። ለካስ ትልቁ ጉድ ከኋላ ነው! ከተገለበጠ ቶዮታ የወጣ ፓወር ስቲሪንግ፣ ከነሥራው አራት ሺህ ሁለት መቶ ብር። ይህ ሰው ሠላሳ ዓመት ያንን ደረቅ መሪ ሲያሽከረክር ክንዱ የዋርካ ሥር አክሏል። ምን ሊያደርግለት ነው? ፔዳል ማስረዘሚያ፣ ወንበር ከፍ ማድረጊያና ወደ ፊት ማስጠጊያ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ! ይህኛውን ሳነብ ደሜ ፈላ። የሣህሌን ቁመት አታውቅም? በየሰው ቤት ጉበን ግንባሩን የሚመታ ሰው ነው። ለሱ ነው ፔዳል የምታስረዝመው? አሁን ጉልበቱ ከመሪው ሥር አልገባ ብሎ እንደ አንበጣ ታጥፎ ነው የሚነዳው፤ የሚያየው ሁሉ ይስቃል። በዚህ ላይ የእጅ ዋጋ አምስት መቶ ሃምሳ። የዋህ ሰው አግኝተህ የማያስፈልገውን ሁሉ ጭነህበታል። አማችህ ነው እንኳን አላልክም።

መቼም ተናድጄ ከተነሳሁ ሁሉንም ልናገር፣ በሆዴ ቢቀር ያመኛል። ሰውየው ሰንፏል። ድሮ መሪውን ሰው ሲነካበት የሚቆጣው ሰው ሜዳው ላይ ስንደርስ እስቲ ያዢልኝ ይለኛል፤ እኔ እንደ ሞኝ ከጎኑ ተንጠራርቼ እይዛለሁ፤ እሱ ይስቃል። ከፊት መኪና ሲመጣ የማን ናት ይለኛል። እኔ ምን አውቅልሃለሁ፣ አንተ አይደለህ ሾፌሩ? ገበያው ሳይሞቅ እንሂድ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንግባ እያለ ያጣድፈኛል፤ ሰው ጥሩውን ማር የሚያወጣው ዘግይቶ መሆኑን እያወቀ። ለምን ስለው በካፍኛ አንድ ነገር ብሎ ይስቃል። መደበቅ ሲፈልግ ቋንቋ ይቀይራል፤ እኔ የማልሰማ ይመስለዋል።

ይባስ ብሎ ባለፈው ወር ጉድ ሠራኝ። የሣህሌን ማር አመራረጥ ታውቃለህ። በማንኪያ ያነሳና ክንዱን ዘርግቶ ወደ ሰማይ ያሳየዋል፤ ገበያተኛው ሁሉ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ እሱ ነጭ ያለው ነጭ ነው። ማንም አይከራከረውም። ያን ቀን ግን በነጭ ማር ዋጋ ሁለት ሙሉ ጀሪካን ቀይ ማር ገዝቶ መጣ! እኔ ሚዛን ላይ ነበርኩ፣ ክዳኑ ተዘግቶ ነው የመጣልኝ፤ ቦንጋ ስከፍተው ነው ቀይ መሆኑን ያየሁት። በሚቀጥለው ረቡዕ ደካ ስንደርስ ሻጩን ገብረጊዮርጊስን በሕዝብ ፊት ሌባ አልኩት። አሥር ዓመት ደንበኛችን የሆነ ሰው። አንገቱን ደፍቶ የልዩነቱን ብር መለሰልኝ፤ አንዲት ቃል አልተናገረም። እንግዲህ ሹፍርናውም፣ ማር አዋቂነቱም በመኪና ፍቅር ጠፍቶ ቀረ።

ስለዚህ የምፈልገውን በግልጽ ልንገርህ። ያንን ፓወር ስቲሪንግ ነቅለህ ለሌላ ሞኝ ሽጠው፤ የኔን አራት ሺህ ሁለት መቶ ብር እስከ ግንቦት መጨረሻ ላክልኝ። ድንጋይ አስጭንበታለሁ። ሣህሌን እኔ እችለዋለሁ። እምቢ ካልክ ግን ጅማ ድረስ መጥቼ ጋራዥህ በር ላይ ቁጭ ብዬ እጮሃለሁ። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩህ ሰው ነህ፤ እንደማደርገው ታውቃለህ።

ሐሙስ ግንቦት 14 ቀን

ወንድሜ፣ እስከዚህ የጻፍኩትን ሰኞ ጠዋት ለአውቶቡስ ሾፌሩ ልሰጥ ስወጣ አውቶቡሱ ቀድሞኝ ሄዷል። ተናድጄ ነበር፤ አሁን ተመስገን እላለሁ። ከላይ ያለውን አልቀደድኩትም። አንደኛ ወረቀትም በብር ነው። ሁለተኛ ደግሞ ምን ያህል ሞኝ እንደነበርኩ እንድታየው እፈልጋለሁ።

ትናንት ረቡዕ እንደ ልማዳችን ለደካ ተነሳን። እኔ በሒሳቡ ነገር ሣህሌን አኩርፌዋለሁ። በዝግታ፣ በዝግታ ነው የሚነዳው፤ ባለ በቅሎዎች አልፈውን ሄዱ። ከቦንጋ ርቀን ትንሿ ድልድይ ጋ ስንደርስ ድንገት አቆመ። ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደና በኔ በኩል መጥቶ በሩን ከፈተ። ወደ መሪው ተጠጊ አለኝ። ምን ሆነሃል አልኩት። ተጠጊ አለኝ፣ በሞትኩት አለኝ። አበስኩ ገበርኩ! በአርባ ስምንት ዓመቴ፣ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ፣ ሰው በሚያልፍበት መንገድ። ግን የሠላሳ ዓመት ሾፌር በሞትኩት ብሎ ሲለምን ምን ይባላል? ተጠጋሁ።

እግሬ ፔዳሉ ላይ ደረሰ። ምንም ሳልንጠራራ፣ ምንም ሳልንሸራተት፣ ልክክ አለ። ፍሬኑም፣ ፍሪሲዮኑም፣ ነዳጅ መስጫውም ልክ በኔ እግር። ወንበሩ ላይ ሆኜ መንገዱ እስከ ጥግ ታየኝ። አንተ ድንክዬ እያልክ የምትስቅብኝ እኔ ከመሪው በላይ ሆንኩ። መሪውን ሞከር ባደርገው በሁለት ጣቴ ዞረ። ያኔ ሒሳብህ አንድ በአንድ ትዝ አለኝ።

ቀና ብል ሣህሌ አሁንም ከውጭ ነው። የከፈተው በር በነፋስ መልሶ ተገጥሞበታል። መዳፉን በላንድሮቨሯ ጎን እያስሄደ የበሩን እጀታ ይፈልጋል። እጀታው እዚያው አጠገቡ ነው። ይቺን መኪና ከኔ በላይ የሚያውቅ ሰው! ከውስጥ ከፈትኩለት፤ እጄ የነካው እንዳይመስለው ነፋሱ ነው አልኩት። ገብቶ ተቀመጠ። ፊቴን የምጠርግበት ጨርቅ ፍለጋ የዕቃ ማስቀመጫውን ስከፍት ሦስት ትንንሽ ጠርሙስ፣ አንዱ ባዶ፣ በላስቲክ ታስረው አገኘሁ። በዙሪያቸው ወረቀት ተጠቅልሎባቸዋል፦ ጠዋት ሁለት ጠብታ፣ ማታ ሁለት ጠብታ፣ እንዳይቋረጥ። ዶሮ የጫረው ጽሑፍ። ያንተ ጽሑፍ።

መልሼ ዘጋሁት። ሣህሌ ወደ ፊት ፊቱን አዙሮ ድልድዩ ታየሽ ወይ አለኝ። ድልድዩ ከመኪናው አፍንጫ ሥር ነው፤ ብትዘረጋ እግርህ ይነካዋል። አዎ ይታየኛል፣ አንተ ዝም ብለህ ተቀመጥ አልኩት።

ነዳሁ። አትሳቅ። በአንደኛ ማርሽ፣ እንደ ቀንድ አውጣ፣ ግን ነዳሁ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ሞተሩን ያዳምጣል፤ ሲጮህብሽ ማርሽ ጨምሪ፣ ሲያቃስት ቀንሺ፣ እሱ ራሱ ይነግርሻል ይለኛል። ለካስ በየሜዳው እስቲ ያዢልኝ ያለኝ ስንፍና አልነበረም፤ ሲያስተምረኝ ነው የከረመው። ሰው ከነሕይወቱ ውርሱን ሲያስረክበኝ እኔ ሰነፍክ እያልኩ ስሳደብ! አንድ ጊዜ ቦይ ውስጥ ልገባ ነበር፤ እመቤቴን ጠርቼ ጮህኩ፤ እሱ በረጋ ድምፅ ፍሬኑን ያዢ አለኝ፣ ያዝኩ። ጎበዝ አለኝ። ሲያገባኝ እንኳን እንዲህ ብሎ አላመሰገነኝም።

ደካ የደረስነው ገበያው ሊበተን ሲል ነው። ገብረጊዮርጊስ ከመሪው ጀርባ እኔ ስወርድ አይቶ ተነሳ እንጂ አልደነቀውም። ወደ ሣህሌ ሄዶ ክንዱን ይዞ መራው፤ ሣህሌም ተመራለት። ከዚያ እንደ ድሮው አንድ ማንኪያ ማር አውጥቶ ሰጠው። ሣህሌ ክንዱን ዘርግቶ ወደ ሰማይ አሳየው። ገበያተኛው እንደ ልማዱ ጠበቀ። ቆየ። በጣም ቆየ። ከዚያ ክንዱን አወረደና ማንኪያውን ለኔ ሰጠኝ፤ አንቺ እይው አለኝ። በሕዝብ መካከል። እንባዬን ውጬ ነጭ ነው አልኩ። ነጭ ነበር። እንደ ወተት።

ገብረጊዮርጊስን ለብቻው ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኩት። ያን ቀን ሣህሌ ቀዩን በማንኪያ አንስቶ ነጭ ነው ሲል ጋሼ ቀይ ነው ብዬ በሰው ፊት እንዴት ላርመው አለኝ፤ ማታ ቤታችሁ ልኬ ነጩን ላስለውጥ አስቤ ነበር፣ ሰው አጣሁ አለኝ። ሌባ ስባል ዝም ያልኩት እሱ እንዳያፍር ነው አለኝ። እግሩን ልስም ጎንበስ ብል በትከሻዬ ይዞ አነሳኝ። ደካ ያለ ሰው ያየውን እኔ አብሬው የምተኛው ሰው አላየሁም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፤ እኛ ግን ስድስት ወር ሙሉ ዳውላውን መብራት ስንለውጥለት፣ መስታወት ስንለውጥለት ኖርን።

በጊዜ ተነስተን ተመለስን። ከተማው መግቢያ ላይ ትራፊክ እንዳይዘኝ አቁሜ የሚፍታህን ሾፌር ለመንኩት፤ እሱ ነው ቤት ያስገባልን። ስለዚህ ዛሬ ቦንጋ ሁሉ ሰምቷል። ሚፍታህ ጠዋት በማለዳ በሬ ላይ ቆመ፤ ድሮም ቸኩሎ ነበር፣ አሁንማ ሃያ አምስት ሺህ አደረሰው፤ ከእንግዲህ ማን ሊነዳላችሁ አለኝ። እኔ አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። መኪናዋን አልሸጥም፣ ሲሚንቶና ድንጋይ በዱቤ አስጭንልኝ፣ እስከ መስከረም በነጭ ማር እከፍልሃለሁ አልኩት። ብዙ አሰበ። ማሩን ማን ይመርጣል አለኝ። ሣህሌ ከውስጥ ሆኖ እሷ ትመርጣለች፣ እኔ እቀምሳለሁ አለ፤ ምላስ መብራት አይፈልግም አለ። ሚፍታህ እሺ አለ። ማክሰኞ መሠረቱ ይቆፈራል። ሰኔ ሠላሳ እንግዲህ ይምጣ።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። ተናድጄብሃለሁ። ሌባ መስለኸኝ ከተናደድኩት የአሁኑ ይብሳል። መጋቢት ላይ በዚያ አምስት ቀን የዓይን ሐኪሙ የነገራችሁን አንተ ጅማ ተቀምጠህ ታውቃለህ፣ እኔ አንድ ቤት ውስጥ እየኖርኩ ሱሪ ኪስ ስፈትሽ እገኛለሁ? መቼም በእናታችን አጥንት አስምሎህ ይሆናል፤ ሌላማ ያንተን አፍ የሚዘጋ ነገር የለም። ማለ ብዬ ይቅር ብዬሃለሁ፤ ግን ገና ነው፣ ስንገናኝ ጆሮህን እቆነጥጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ እውነቱን ጻፍልኝ፤ ጠብታው ያቆመዋል ወይስ ያዘገየዋል ብቻ? እኔ መስማት እችላለሁ። ደብዳቤውን ለሱ ማንበብ ያለብኝ እኔ ነኝና ያንን በሌላ ወረቀት ለይተህ ጻፈው።

እሱን አልጠየቅኩትም። እሱም አልነገረኝም። ትናንት ማታ እግሩን ሳጥበው ብቻ በካፍኛ ከእንግዲህ ያንቺ ናት አለ። የማልሰማ መስሎት ነው። እኔም ያልሰማሁ መስዬ እግሩን አጠብኩ። ቁጭ ብዬ ሳስበው እንባዬ አልቆም ይለኛል፤ ይህን ሰው እኔ አንበጣ እያልኩ ስስቅበት ነበር እኮ። ጉልበቱን አጥፎ፣ ወገቡን ሰብሮ፣ በኔ ልክ በተሠራ ወንበር ስንት ረቡዕ ነዳኝ?

ፓወር ስቲሪንጉን እንዳትነቅል። አራት ሺህ ሁለት መቶውም ይቅር። መብራቱም አይለወጥ፣ ለኔ በጣም ይበቃኛል። ብርቅዬ ለእረፍት ስትመጣ ሣህሌን ትጠብቅልኝና ጅማ መጥቼ አንተ ዘንድ እከርማለሁ፤ መንጃ ፈቃድ የማወጣበትን ቦታ ከአሁኑ ጠይቅልኝ። ሚስትህ በዚህ ዕድሜዋ የምትል ከሆነ ከአሁኑ ስቃ ትጨርስ።

አንድ ሥራ ብቻ ቀርቶሃል። ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበር፣ የኔ የነበረው፣ ስፖንጁ አልቆ ብረቱ ይወጋል። ይህን ሁሉ ዓመት ስቀመጥበት አላጉረመረምኩም፤ እኔ አጭር ነኝ፣ ቀላልም ነኝ። ለረጅም ሰው ግን አይሆንም። ወደ ኋላ አስጠግተህ፣ እግር የሚዘረጋበት ሰፊ ቦታ ትተህ፣ ጥሩ ወፍራም ስፖንጅ አድርገህ፣ የእጅ መያዣውንም በቀላሉ እንዲገኝ ወጣ አድርገህ ሥራልኝ። ስንት እንደሆነ ጻፍልኝ። በዋጋው አልከራከርህም።

ቤትህን ይባርክልህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ፣ እጅህን አይንሳህ። የዓይንህንም ብርሃን እስከ እርጅናህ ይጠብቅልህ።

የምትወድህ ታላቅ እህትህ